የጣርማ በር ፈቃድ

በ2097 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» አይባባልም። «ስንት አደርክ?» ነው የሚባለው። መልሱ ቁጥር ነው፤ ከቁጥሩ በኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይከተላል። ከሃያ አምስት በታች ያደረ ሰው ሳይጠየቅ፣ መንገድ ተሻግሮ ሁሉ ይናገራል። ከአርባ በላይ ያደረ ግን ጉሮሮውን ይጠርግና ስለ ሙቀቱ ያወራል።

ቁጥሩ ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ነው። ሰው ከቤቱ ሲወጣ የበሩ መቃን ደረቱን አንብቦ ለባለቤቱ ይነግረዋል። ኬላ ላይ የቆመው መቃን ደግሞ አንብቦ ለመንግሥት ይነግራል። የከፍታ ሕጉም ረጅም አይደለም። ከሃያ አምስት በታች የሆነ ወደፈለገበት ይወጣል። ከዚያ በላይ የሆነ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር አያልፍም። ሃምሳን የዘለለ ወደ አፋር ዝቅታ ይወርዳል፤ መኪና ይላክለታል፣ አንድ ሻንጣና አንድ ሸኚ ይፈቀድለታል። ሕጉ የወጣው ለሰው ጤና ተብሎ ነው። እውነትም ከወጣ ወዲህ ደጋ ላይ ትንፋሽ አጥሮት የሞተ የለም። ቆላ ላይ በናፍቆት የሞተውን የሚቆጥር መቃን ግን ገና አልተሠራም።

ሃሴት ታምራት ሠላሳ ስምንት ማደር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሃሴት፣ ናታን፣ ሃናን ዛሬ የሽማግሌና የአሮጊት ስም ናቸው፤ ወጣቶቹ አስካለ፣ ደምሰው፣ ዙፋን እየተባሉ ነው የሚወለዱት። ሃሴት ከሦስት ዓመት በፊት ድረስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበረች። መኪና ሁሉ ራሱን በሚነዳበት ዘመን ሹፌር መሆን ቀልድ ይመስላል፤ ቀልዱን ያስቀረው ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር ዳገት ጉም ነው። ራስ-ነጂዎቹ ጉም ሲያዩ መንገድ ዳር ይቆሙና መብራታቸውን እያብለጨለጩ እስኪገለጥ ይጠብቃሉ። ጉሙ ደግሞ ሲፈልግ ሦስት ቀን አይገለጥም። ስለዚህ ለዚያች ጠመዝማዛ ብቻ ዐሥራ አራት ሰዎች ተቀጥረው ነበር፤ ጉም ውስጥ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ እየነፉ ይጠራሩ ነበር። ሃሴት ከዐሥራ አራቱ አንዷ ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ወጣች፣ ወረደች።

ከዚያ አንድ ቀን የአርማንያ ኬላ መቃን፣ አርባ አምስት መንገደኛ እየሰማ፣ «ሹፌር፣ ሠላሳ ስምንት። ይውረዱ» አላት። ወረደች። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ጋራዥ ውስጥ የራስ-ነጂዎቹን መስታወት መወልወል ሆነ።

«ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጥኩ ሴትዮ የማሽን ፊት አጣቢ ሆኜ ልሙት?» ትላለች ለሰማት ሁሉ። ያልሰማትም ይሰማታል፤ ድምፅዋ ለዚያ አይሰንፍም።

ስለዚህ የሳንባ ጥናት ጣቢያው «እንክብል የሚሞክሩ ሰዎች እንፈልጋለን» ብሎ ሲያስነግር ከበሩ ፊት በመጀመሪያ የተገኘችው እርሷ ነበረች። ስምንት ሰዎች ተመረጡ፤ አንዷ እርሷ ናት። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር አስካለ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ስትናገር በእጇ አየር ላይ የምትጽፍ ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ሰብስባ ነገሩን አስረዳች።

«ነጭ የደም ሴሎች ዘበኞች ናቸው። ሥራቸው መዞር ነው። የእናንተዎቹ ግን ከአጥንት መቅኔ ይነሡና ሳንባ ሲደርሱ ደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ይሰፍራሉ። ሰፍረውም ዝም አይሉ፤ ይገነባሉ። ግድግዳው ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠብባል፣ ልብ ሲገፋ ሲገፋ ይደክማል።»

«ሕገ-ወጥ ግንባታ ነዋ!» አለች ሃሴት።

«በትክክል፣ እትዬ ሃሴት።»

«ታዲያ አፍራሽ ግብረ ኃይል ይላክ እንጂ ምን ይጠበቃል?»

«እንክብሉ እሱ ነው» አለች አስካለ፤ ሳቀች።

ዘበኞቹ ቀለም ተነከሩ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ሰው ሳንባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደ ከተማ ካርታ ይታይ ጀመር፤ ሰፋሪዎቹ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ናቸው። ሰዉ በየጠዋቱ ተሰብስቦ የጎረቤቱን ሳንባ ያማል። «የሐጂ ረያን የቀኝ ሳንባ የሽንኩርት ማሳውን ይመስላል፤ አንድ ክፍት ቦታ የለውም።» «የአንቺ ደግሞ የቅዳሜ ገበያ!»

ጥናቱ ጥብቅ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንክብሉ ከቁርስ ጋር ይወሰዳል። ቁርሱ ለሁሉም አንድ ነው፦ በቅቤ ያበደ ቅንጬ፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት። የምታበስለው ሲስተር ዙፋን ናት። ሁሉም ጣቢያው በሰጠው ክፍል ይበላና ጠረጴዛው «በልተዋል?» ሲለው ጣቱን አስነክቶ «በልቻለሁ» ይላል። በውሸት የመለሰ ከጥናቱ ይሰናበታል፤ ይህ በፎርሙ አራተኛ ገጽ ላይ አለ፣ ሁሉም ፈርመውበታል። ጥናቱ ቀን የሚቆጥረውም በራሱ መንገድ ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ የሚባል ነገር አያውቅም። ቀን አንድ፣ ቀን ሁለት፣ ቀን ሦስት ብቻ።

ቀን ሦስት ረቡዕ ነበር።

ሃሴት የሳህኑን ክዳን ስታነሣው የቅቤው ሽታ ፊቷን ዳሰሳት። መልሳ ከደነችው። የንስሐ አባቷ «በሽተኛ ነሽ፣ ጾሙን ፈትቼልሻለሁ» ብለዋታል፤ ለአስካለም ስትመዘገብ «ለሕክምና ከሆነ እበላለሁ» ብላ በአፏ ተናግራለች። ሲናገሩት ቀላል ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ አፏ ውስጥ ቅቤ ገብቶ አያውቅም፤ መኪና ገልብጣ ሆስፒታል በተኛችበት ሳምንት እንኳ አልገባም።

«እሳቸው ፈትተውኛል» አለች ለሳህኑ። «እኔ ግን ራሴን አልፈታሁም።»

ቁርሱን መልሶ መስጠት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ሲስተር ዙፋን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥታ ነው የምታበስለው። ሳህን ባዶ ሲመለስላት ፊቷ እንደ መስቀል አበባ ይፈካል፤ ትንሽ ከተረፈ «ጨው በዛ? ቅቤው አልበሰለም?» እያለች ቀኑን ሙሉ ትከተላለች። ምግብ ያበሰለን ሰው ፊት አጥቁሮ የሚያድር ክርስቲያን የለም።

በኮሪደሩ ጫፍ፣ የመጨረሻው ክፍል የጋሽ ናታን ነው። ጋሽ ናታን ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ፣ ስድሳ ስድስት ዓመቱ የሆነ፣ ለስላሳ ሰው ነው። ጴንጤ ነው፤ ሰኞ ከዓርብ አይለይበትም። ሃሴት እንክብሏን በውኃ ዋጠች፣ ሳህኑን በነጠላዋ ሸፈነች፣ በሩን ቆረቆረች።

«ጋሽ ናታን፣ ሆዴን ትንሽ አላሰኘውም። ሲስተርን እንዳላስከፋት ይቺን ቢቀምሱልኝ?»

ጋሽ ናታን ሳህኑን አየ፣ ሃሴትን አየ። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «ጌታ ይባርክሽ፣ ሃሴትዬ» ብሎ ተቀበላት።

ጠረጴዛው «በልተዋል?» አለ። ሃሴት ጣቷን አስነካች። ተበልቷል፤ ማን በላው የሚል ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ የለም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ። ሃሴት ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ትውላለች፤ ሳህኗ ኮሪደሩን ትሻገራለች። ቁጥሯ ሠላሳ ስድስት ሆነ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሃያ ስምንት። ጎረቤት «ስንት አደርሽ?» ሲላት ጉሮሮዋን መጥረግ ተወች። በሰባተኛው ሳምንት ረቡዕ ጣቢያው ደጃፍ ያለው መቃን ሃያ አራት አለ። ሐሙስም ሃያ አራት። ሦስት ቀን በተከታታይ ከሃያ አምስት በታች ያነበበ የከፍታ ፈቃዱ ይመለስለታል። ሦስተኛው ንባብ ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ሃሴት ሐሙስ ማታ የድሮ የሹፌር ጃኬቷን አውጥታ ተኮሰችው።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዶክተር አስካለ ሁሉንም አዳራሽ ጠራች። ዐይኖቿ ቀልተዋል።

«አዲስ አበባ ያለው ቦርድ ጥናቱን ሊዘጋው ነው» አለች። «ጋሽ ናታን ዛሬ ሃምሳ ሦስት አድረዋል።»

ጋሽ ናታን አቀርቅሮ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል።

«እንክብሉ ዘበኞቹን ወደ ሳንባ እየጠራ ነው ብለው ፈርተዋል። እኔ ደግሞ ምንም አልገባኝም። ከእናንተ ሰባታችሁ ላይ አንዳንድ ቀን ሰፋሪዎቹ በአንዴ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ መቅኔ ይመለሳሉ። በዚያው ቀን ጋሽ ናታን ላይ ይግተለተላሉ። ማሽኑ አርባ ሺህ ምክንያት ሞክሯል፤ አላገኘውም።» ወደ ጋሽ ናታን ዞረች። «መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ጋሽ ናታን። ወደ ዝቅታው የሚወስድዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ይቅርታ አለው፣ ልጄ» አለ ጋሽ ናታን። «ዝቅታውን ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ሄጄ ሳላየው ማስተማሬ ነበር ነውሩ።» ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። ሚስቱ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ተቀብራለች፣ ልጆቹ እዚሁ ናቸው።

ሃሴት ሰዓቷን አየች። ከሦስት እስከ ዐሥር፣ ሰባት ሰዓት ስለ ሳህኗ ዝም ካለች ፈቃዱ የእርሷ ነው። ሃሴት በዕድሜዋ ሰባት ደቂቃ ዝም ብላ አታውቅም፤ ለጣርማ በር ስትል ግን ትችለው ነበር። ምላሷን ነክሳ ተቀመጠች። ከዚያ ዐይኗ ጋሽ ናታን ሸሚዝ ላይ አረፈ። ቁልፎቹ ተወጥረዋል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ይኸው ሸሚዝ ሰፍቶት እንደ ጋቢ ነበር የሚንጠለጠልበት። አንገትጌው ላይ የእንቁላል ፍርፋሪ አለ። የእርሷ አንድ ሳህን ብቻ ይህን ሁሉ ሆድ ሊያወጣ አይችልም።

«ጋሽ ናታን» አለች፤ ተነሣች። «ዛሬ ጠዋት ስንት ቁርስ በሉ?»

«እ?»

«ስንት ቁርስ በሉ? ሳይሰስቱ ይንገሩን።»

ጋሽ ናታን ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ድንገት ጣሪያውን፣ ጫማውን፣ መስኮቱን ማየት ጀምሯል።

«ስድስት» አለ በቀስታ። «ቅንጬውን ብቻ ከቆጠርነው። እንቁላሉ ዐሥራ ሁለት ነው።»

«ስድስት ምን?!» አለች አስካለ።

«እምቢ ማለት አልቻልኩም» አለ ጋሽ ናታን፤ ላቡን ጠረገ። «ሁሉም ‹እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም እንዳይነግሩ› እያለ ነው የሚመጣው። አንዱን ተቀብዬ ሌላውን ብመልስ ቅር ይለዋል። ሲስተርም እንዳታዝን ፈራሁ።»

«ዶክተር፣ ጋሽ ናታንን ያሳመመው እንክብሉ አይደለም» አለች ሃሴት። ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። «እኛ ነን። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። እኔ ከቀን ሦስት ጀምሮ አንድ ማንኪያ አልቀመስኩም፤ የእኔን የሚበሉት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹም እንዲሁ መሆናቸውን ገና አሁን አየሁ፤ ፊታቸውን ተመልከቺ፣ ሌባ ይመስላሉ። ጠረጴዛው ሲጠይቀኝ ዋሽቻለሁ። በይ፣ ጻፊው!»

አስካለ አየር ላይ ያነሣችው እጅ እዚያው ደርቆ ቀረ። «ረቡዕና… ዓርብ?» አለች። ወደ ግድግዳው ዞረች። «የጥናቱን ቀናት በሳምንት ቀናት አስቀምጥ» አለችው ማሽኑን።

ካርታዎቹ ተተራመሱ፣ ተደረደሩ። የአምስት ሰዎች ሳንባ በየረቡዑና በየዓርቡ ባዶ ሜዳ ሆነ፤ ብርቱካኖቹ ተጠራርገው ወጥተዋል። የሁለት ሰዎች ሳንባ ግን ረቡዕ ሞልቶ ሌላ ቀን ይጎድላል። ሰዉ ሁሉ ወደ ሐጂ ረያን ዞረ። ሐጂ ረያን ቆቡን አስተካከለ፤ ከጎኑ የተቀመጠችውን ወይዘሮ ሃናንን በጎን አያት፤ ምንም ሳይናገር ሁለት ጣት አወጣ።

«ሰኞና ሐሙስ? የሱና ጾም?» አለች አስካለ።

ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰኞና ሐሙስ ሦስት ሦስት ነበር» አለ ጋሽ ናታን፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው። «እነዚያ ቀላል ቀናት ናቸው።»

የመጀመሪያው ሳቅ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ብቻ አዳራሹን ሁሉ ያዘው። ያልሳቀችው ሲስተር ዙፋን ነበረች፤ በሩ ላይ ጭልፋ ይዛ ቆማለች። «ቅንጬዬን?» አለች፣ እንባዋ ቀርቦ። «ሰባት ሳምንት ሙሉ?»

«ቅንጬሽማ ምን ይወጣለታል!» አለቻት ሃሴት። «ባይጥም ኖሮ ጋሽ ናታን ሃምሳ ሦስት ይገቡ ነበር?»

አስካለ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። «እኔ ራሴ ዛሬ ጾሜን ነኝ» አለች። «ሰባት ሳምንት ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ጾሜን እዚህ ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ ዘበኞቹ ለምን ሄዱ እያልኩ አማርራለሁ። ማሽኑስ ማሽን ነው። እኔን ምን ነካኝ?»

አምስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ጭማሪው የስድስት ቁርስ ነው ተብሎ፣ መኪናው እንዳይመጣ ተደረገ። ጋሽ ናታን በቀን አንድ ቁርስ፣ የራሱን ብቻ፣ ተፈቀደለት። ቦርዱም ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ታየና ውሳኔውን አነበበ፦ ጥናቱ አይዘጋም፤ የሳምንት ቀናት ተጨምረውበት እንደገና ከቀን አንድ ይጀምራል። በውሸት የመለሰ ግን በፎርሙ መሠረት ይሰናበታል። ስንት ሰው ዋሸ ተብሎ መዝገቡ ሲታይ፣ በድምፅ የተረጋገጠው አንድ ሰው ብቻ ሆነ። ጣት ማውጣትና ራስ መነቅነቅ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

ሃሴት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተሰናበተች፤ የጣቢያው ደጃፍም ተዘጋባት። የሦስተኛው ንባብ ሰዓት ሲደርስ ጋራዥ ውስጥ መስታወት ትወለውል ነበር።

«አፌ ነው» አለች ለራስ-ነጂው። «ይኸው አፌ አወረደኝ። ደግሞም አይቆጨኝም፤ ይቆጨኛል እንጂ፣ ግን ላንተ አልነግርህም።»

በሳምንቱ ሰኞ ዶክተር አስካለ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆማ ተገኘች።

«እትዬ ሃሴት፣ እንክብል ልሰጥዎት አልችልም፤ ቁርስም አልሰጥዎትም። በየቀኑ በጣቢያው መቃን ሥር ብቻ ይለፉልኝ።»

«አባርራችሁኝ ስታበቁ?»

«ስላባረርንዎት ነው። እንክብሉን የተዉ፣ ጾሙን ያልተዉ አንድ ሰው አለኝ፤ እርስዎ ነዎት። እንክብሉ ይሁን ጾሙ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይሁኑ፣ ወይ ሌላ ነገር ይሁን በዚያ ነው የምለየው።»

ሃሴት ጨርቁን ጨመቀችው። «ዶክተር፣ ለማወቅ የማትሠሩት ተንኮል የለም። እሺ። ግን ስገባ የበሩ ዘበኛ ‹የተባረረችው መጣች› እንዳይል ንገሪው፤ አፌን እከፍትበታለሁ።»

እንክብሉ ሲቀር ቁጥሯ ወደ ላይ አለ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስምንት። የተተኮሰው ጃኬት ሳጥን ተመለሰ። ከዚያ ኅዳር ዐሥራ አምስት የነቢያት ጾም ገባ፤ ሃሴት በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል ጀመረች። ሃያ ሰባት። ሃያ ስድስት ላይ ዐሥር ቀን ቆመ፣ እምቢ አለ። እርሷም እምቢ አለች። በገና ዋዜማ ሃያ አራት ሆነ፤ በገና ዕለት ሃያ አራት፤ በማግስቱ ሃያ ሦስት።

«ጾሙ ነው አልልም» አለች አስካለ፤ ፊቷ ግን እንደ በራ ፋኖስ ነበር። «አንድ ሰው ሰፈር አይሆንም። ገና ብዙ ዓመት ይፈጃል። ግን እትዬ ሃሴት፣ ግድግዳውን ይዩት እስቲ!»

ቦርዱ በፋይሏ ላይ «መሻሻሉ የታወቀ፣ ምክንያቱ በመጣራት ላይ ያለ» ብሎ ጻፈ። መቃን ደግሞ ምክንያት አይጠይቅም፤ የሚያነበው ደረት ነው። ሦስት ንባብ ሦስት ንባብ ነው። ፈቃዱ ወጣ።

ከጥምቀት ማግስት ሃሴት ጃኬቷን ለብሳ መሪው ላይ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሙሉ ነው። ከበስተጀርባዋ ያለችው መቀመጫ ላይ ዶክተር አስካለ አለች፤ ውጤቷን ለቦርዱ ፊት ለፊት ልታስረዳ ወደ ላይ መውጣቷ ነው። ቆላ ተወልዳ ቆላ የተማረች ልጅ ናት፤ ስለ ከፍታ የማታውቀው ነገር የለም፣ ወጥታበት ግን አታውቅም።

አርማንያ ላይ መቃኑ «ሹፌር፣ ሃያ ሦስት። ይለፉ» አለ። አውቶቡሱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሃሴት ዞር ብላ አላየችም፤ ማርሽ ቀየረች።

ከደብረ ሲና በላይ መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ። በአምስተኛው መታጠፊያ ሃሴት በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች።

«ዶክተር፣ ፌስታል ከፊትሽ ኪስ ውስጥ አለ።»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነ ሰው እንዲህ አረንጓዴ አይሆንም።»

«እትዬ ሃሴት፣ እኔ እኮ ሐኪም… » አለች አስካለ፤ አልጨረሰችውም። ፌስታሉ በጊዜ ደረሰላት።

«አይዞሽ፣ ያልፋል» አለች ሃሴት። «ራስሽን ቀና፣ ዐይንሽን ሩቅ። መናገር ክልክል ነው። ሰባት ሳምንት አዘሽኛል፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው።»

መንገደኛው ሳቀ፤ አንዲት ሴትዮ ለአስካለ ሎሚ ቆርጠው ሰጧት። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተንከባለለ መጣ፤ መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ከዚያ የመንገዱን ጠርዝ ዋጠው። ሃሴት መስኮቷን ዝቅ አደረገች። ብርዱ ገባ፤ እስከ ሳንባዋ ጥግ ድረስ ሳበችው። ፍጥነቷን ቀንሳ ወደ ነጩ ገባችና ጡሩምባዋን ሁለት ጊዜ ነፋች።

ከላይ፣ ከማይታየው መታጠፊያ፣ የሆነ ሰው ሁለት ጊዜ መለሰላት።